ሕግ በኮከብ ተጫዋች ላይ ሲወጣ፦ ከኤን ቢ ኤ ታሪክ ምን እንማራለን?

የደሴው የስፖርት መምህር

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጪ የትምህርት ቤቱን የቅርጫት ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ። ከራሴ ጋር ብዙ ተሟግቼ መልስ ያጣሁለትን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ጥያቄው ስለ አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ስለ ኤን ቢ ኤ ቢመስልም መነሻው እዚሁ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያለ አንድ የሲሚንቶ ሜዳ ነው።

በቡድኔ ውስጥ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለ። ከእኩዮቹ በክንድ ያህል ስለሚረዝም ሳይዘል እጁን ቢዘረጋ የቅርጫቱን መረብ ይነካል። ባለፈው ወር በትምህርት ቤቶች መካከል በተደረገ የወዳጅነት ውድድር ሁለት ጨዋታዎችን በሰፊ ልዩነት ካሸነፍን በኋላ፣ አዘጋጆቹ ተመካክረው ይህ ልጅ ከቅርጫቱ ሥር ሆኖ የሚያስቆጥረው ነጥብ እንዳይያዝ ወሰኑ። ውሳኔው በጽሑፍ አልደረሰኝም፤ ሦስተኛው ጨዋታ ሊጀመር ሲል በቃል ተነገረኝ። ልጁ ያን ጨዋታ እንደ ምሰሶ ቆሞ ጨረሰው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ልምምድ አልመጣም። እሱን ለማየት ብለው አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉት የሰፈር ልጆችም ከእረፍት በኋላ አንድ በአንድ ሄዱ።

ቅሬታዬን ሳቀርብ የተሰጠኝ መልስ «ኤን ቢ ኤም እኮ ረጃጅሞቹን ለመግታት ሕግ ለውጧል» የሚል ነበር። ነገሩ ከሥሩ ሐሰት እንዳልሆነ ስለማውቅ ወዲያው የምመልሰው አጣሁ። እኔ ራሴ ለዓመታት ሊጉን ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ክረምታቸው በገባ ጊዜ የምሥራቁ ጨዋታ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የምዕራቡ ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ስለሚጀምር፣ የሌሊት ኢንተርኔት ፓኬጅ ገዝቼ በጋቢ ተጠቅልዬ እመለከታለሁ። ተነሥቼ ስከፍተው የጠበቅሁት ኮከብ ሙሉ ልብስ ለብሶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያገኘሁበት ሌሊት ጥቂት አይደለም፤ ስለዚህ ከ2023 ጀምሮ ኮከቦች እንዲሰለፉ የሚያስገድደው ሕግ ሲወጣ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርሁ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሊጉ በእውነት በአንድ ሰው ላይ ሕግ አውጥቶ ያውቃልን? አውጥቶ ከሆነ ያ ኮከብ ምን ሆነ፣ ተመልካቹስ ምን አገኘ? እኔስ ለአዘጋጆቹ ምን ብዬ ብመልስ ትክክል እሆናለሁ? (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብንጽፍ ለመግባባት ይቀለናል።)

የቦርከና ዳኛ

ወንድሜ መምህር፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ኮምቦልቻ ውስጥ የትምህርት ቤትና የወጣቶች ውድድሮችን ለብዙ ዓመታት ስለዳኘሁ ስለ ሕግ የምለው አለኝ፤ ረዘም ቢል ታገሠኝ።

አዘጋጆቹ የጠቀሱት ታሪክ እውነት ነው፤ የተረዱበት መንገድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የታሪኩ ባለቤት ጆርጅ ማይካን ይባላል። ቁመቱ 2.08 ሜትር የሆነ፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርግ፣ የሚኒያፖሊስ ሌከርስ መሀል ተጫዋች ነበር። ገና ኮሌጅ ሳለ ወደ ቅርጫቱ የሚወርደውን ኳስ ከላይ እየቀለበ ስለሚያወጣው፣ በእሱና በሌላው ረጅም ተጫዋች በቦብ ከርላንድ ምክንያት የአሜሪካ ኮሌጆች በ1944 ቁልቁል በመውረድ ላይ ያለን ኳስ መንካት ከለከሉ። ወደ ሙያ ሊግ ከገባ በኋላም ከቅርጫቱ ሥር የሚያቆመው ስለጠፋ፣ በ1951 ከቅርጫቱ ሥር በቀለም የሚከለለው ቦታ ስፋት ከ1.83 ሜትር ወደ 3.66 ሜትር ከፍ ተደረገ። አጥቂ በዚያ ክልል ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆየት ስለማይችል፣ ክልሉ ሲሰፋ ማይካን የሚቆምበት ቦታ ከቅርጫቱ ራቀ።

ከዚያስ? የማይካን አማካይ ነጥብ ከ28.4 ወደ 23.8 ወረደ። ቡድኑ ግን በ1952፣ በ1953 እና በ1954 በተከታታይ ዋንጫውን አነሣ። ሰውየው ኳስ ማቀበልንና ከራቀ ቦታ በመንጠቆ አወራወር (ጎንን ሰጥቶ ክንድን ከራስ በላይ እያዞሩ በመወርወር) ማስቆጠርን ይበልጥ ተጠቀመበት እንጂ አልጠፋም። በ1964 ክልሉ እንደገና ወደ 4.88 ሜትር የሰፋው በዊልት ቻምበርሊን ምክንያት ነው፤ ይህ ሰው በ1961-62 የውድድር ዘመን በአማካይ 50.4 ነጥብ ያስቆጠረ፣ በአንድ ጨዋታም 100 ነጥብ ያገባ ነው። እሱም ቢሆን በኋላ ማቀበልን ተያይዞት በ1967 ዋንጫ ወሰደ፤ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ደግሞ መሀል ተጫዋች ሆኖ ሳለ ሊጉን በጠቅላላ የማቀበል ቁጥር መራ።

ልብ በልልኝ፣ ወንድሜ። ሕጉ የታሰበው በማይካን ምክንያት ይሁን እንጂ የተጻፈው በማይካን ስም አይደለም። የሰፋው ክልል ለሁሉም ሰፋ፤ አጭሩም ረጅሙም ከሦስት ሰከንድ በላይ አይቆምበትም፤ ማይካን ከቅርጫቱ ሥር ያገባው ነጥብም አልተሰረዘም። «የእገሌ ነጥብ አይያዝ» የሚል አንቀጽ በየትኛውም የቅርጫት ኳስ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ የለም። በዚህ አንጻር የተሰጠህ ምሳሌ ራሱ ከልጁ ጎን ይቆማል።

ስለ ተመልካቹም አንድ ጨዋታ ላንሣልህ። ኅዳር 22 ቀን 1950 የፎርት ዌይን ቡድን ወደ ሚኒያፖሊስ ሄዶ ሌከርስን 19 ለ 18 አሸነፈ። ይህ እስከ ዛሬ በሊጉ ታሪክ ዝቅተኛው ውጤት ነው። ማይካንን የሚያቆሙበት መንገድ ስለጠፋ እንግዶቹ ኳሱን ይዘው ማቆየትን መረጡ፤ ከሌከርስ 18 ነጥቦች ውስጥ 15ቱን ያገባውም ማይካን ነበር። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ገብቶ ኳስ ይዞ የቆመ ሰው ሲያይ አመሸ። እንዲህ ያለው ነገር ተመልካቹን እየሸኘው ስለሄደ፣ የሴራኪውስ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያዞን አንድ ቀላል ስሌት ይዞ ቀረበ። ደስ የሚሉ ጨዋታዎች ላይ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 120 ጊዜ ያህል እንደሚወረውሩ አየ፤ የጨዋታውን 48 ደቂቃ ማለትም 2,880 ሰከንድ ለ120 አካፈለና 24 አገኘ፤ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ ይወርውር አለ። በ1954 ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል የአንድ ቡድን አማካይ ነጥብ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ79.5 ወደ 93.1 ወጣ፤ በዚያው ዘመን ዋንጫውን የወሰደውም ራሱ ሴራኪውስ ሆነ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የሕግ ለውጥ ይህ ነው። ማንንም ሳይከለክል ሁሉንም ወደ ቅርጫቱ እንዲሄድ አስገደደ።

በመጨረሻ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ውድድሩ በተደረገበት ሜዳ ላይ ክልሉ በቀለም ተሠርቷልን? ዳኛውስ ሦስት ሰከንድ ይቆጥር ነበርን? በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ የክልሉ ወርድ 4.90 ሜትር ነው። ይህ ሕግ ተፈጻሚ ቢሆን ኖሮ ልጅህ ከቅርጫቱ ሥር ተተክሎ ሊጠብቅ ባልቻለ ነበር፤ ሌላ ሕግ መፍጠርም ባላስፈለገ።

ጤና ተማሪዋ

ጋሼ መምህር፣ እኔ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ የፊላደልፊያ ደጋፊም ነኝ፤ ስለዚህ በጻፉት ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጤን ነክታኛለች። ኮከቦች እንዲሰለፉ የሚያስገድደው ሕግ ሲወጣ ደስ ብሎኛል ብለዋል። ቅሬታዎ ይገባኛል፤ በዚያ ብርድ ሌሊት ተነሥቶ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ማየት ያበሳጫል። ነገር ግን ያ ሕግ በአንድ ጉልበት ላይ ምን እንዳስከተለ ላስታውስዎት።

ከ2023-24 ጀምሮ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችነትንና ሌሎች ታላላቅ ሽልማቶችን ለማግኘት አንድ ተጫዋች ከ82 ጨዋታዎች ቢያንስ በ65ቱ መሰለፍ አለበት፤ ያም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በእያንዳንዱ ጨዋታ 20 ደቂቃ መጫወትን ይጠይቃል። የፊላደልፊያው ጆኤል ኤምቢድ ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ማዕረግ በእጁ ነበር፤ በዚያም ዓመት በአማካይ 34.7 ነጥብ እያገባ፣ ጥር ውስጥ በአንድ ጨዋታ 70 ነጥብ አስቆጥሮ፣ ማዕረጉን ሊደግም ይችላል ይባል ነበር። ጉልበቱ ግን ያመው ነበር። ዴንቨር ላይ ሳይሰለፍ ሲቀር በየቦታው ወቀሳ ወረደበት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከጎልደን ስቴት ጋር ሲጫወት በጨዋታው መካከል የግራ ጉልበቱ ልም አጥንት ተጎዳ። ያን ዓመት በመደበኛው ውድድር 39 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። ያ ጉዳት ሕጉ ባይኖርም ሊደርስ ይችል እንደነበር አውቃለሁ፤ አንድን ጉዳት በአንድ ምክንያት መግለጽ በትምህርታችንም አይፈቀድም። ነገር ግን በሚያመው እግር ላይ የቀን መቁጠሪያ የጫነበት ሕጉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተመልካቹም ኤምቢድን አጣው።

ሌላም ምሳሌ አለ። ቪክቶር ዌምባንያማ በ2025 የካቲት ውስጥ በትከሻው ላይ የደም መርጋት ተገኝቶበት 46 ጨዋታ ብቻ አድርጎ ዓመቱን ሲያቋርጥ፣ በመከላከል ሊጉን ያስደነቀ ልጅ ለምርጥ ተከላካይነት እንኳ ሊታጭ አልቻለም። ደም መርጋት ስንፍና አይደለም። አንዳንዶች «ሽልማት ብቻ ነው፣ ምን ጎዳው» ይላሉ፤ ሽልማቱ ግን ከውል ጋር የተሳሰረ ነው። ታይሪስ ሃሊበርተን በዚያው የመጀመሪያ ዓመት ከሊጉ ምርጥ ቡድኖች በአንዱ መካተቱ በውሉ ላይ ወደ 41 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ልዩነት ያመጣ ስለነበር፣ የታፋው ሕመም ሳይለቀው ሲጫወት አይተናል። ተጫዋቹ በጤናውና በልጆቹ ሀብት መካከል እንዲመርጥ ተደርጓል ማለት ነው።

ስለዚህ ጋሼ፣ ለልጁም እንዲህ ያስቡለት እላለሁ። በዚያ ዕድሜ በፍጥነት የሚረዝም ልጅ አጥንቱ ከጡንቻውና ከጅማቱ ቀድሞ ስለሚያድግ ጉልበቱ ሥር ሕመም ሊሰማው ይችላል። ልምምድ ያቆመው በኀዘን ብቻ መሆኑን አረጋግጠዋልን? ሰው ሁሉ ቁመቱን ሲያይ ሕመሙን የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል።

ሐይቅ ዳር

መምህራችን፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ በልጅነቴ ደሴ ፒያሳ በነበረ ቪዲዮ ቤት ተሰልፈን የማይክል ጆርዳንን ጨዋታ በካሴት ያየን ሰዎች ነን። እኔ የዛሬው ሕግ ኮከቡን አበላሽቶታል፣ ተመልካቹንም አሰልችቶታል ባይ ነኝ። በኛ ጊዜ ተከላካይ እጁን በአጥቂው ወገብ ላይ አሳርፎ ይገፋው ነበር፤ ጆርዳን ያን ሁሉ ተቋቁሞ ነው ያገባው። በ2004 እጅ ማሳረፍን አጥብቀው ሲከለክሉ ትንንሾቹ ተጫዋቾች ያለ ከልካይ ገቡ። የፊኒክስ ቡድን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ29 ድል ወደ 62 ድል የዘለለውም፣ የቡድኑ ኮከብ ስቲቭ ናሽ በ2005 እና በ2006 በተከታታይ ምርጥ ተጫዋች የተባለውም በዚያ ዘመን ነው። ናሽ አዋቂ ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን ሕጉ በሩን ከፈተለት።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከሩቁ መስመር ውጪ ተወርውሮ የሚገባው የሦስት ነጥቡ ነገር መጣ። መስመሩ በ1979 ሲገባ አንድ ቡድን በጨዋታ ሦስት ጊዜ ያህል ይሞክር ነበር፤ አሁን ከ35 ጊዜ በላይ ይሞክራል። ስቴፈን ከሪ በ2015-16 ብቻውን 402 ጊዜ ከዚያ ርቀት አገባ። ከሪን ማየት ደስ ይላል፤ ሠላሳውም ቡድን ከሪን ለመምሰል ሲሞክር ማየት ግን ድካም ነው። ቀድሞ አንዱ ቡድን በረጅም፣ አንዱ በፈጣን፣ አንዱ በጉልበተኛ ይታወቅ ነበር። ገበያችን ውስጥ ሁሉም ነጋዴ አንድ ዓይነት እህል ይዞ ቢወጣ ማን ይገበያያል? የልጁም ነገር እንዲሁ ነው፤ ረጅሙን ከቅርጫት ሥር አስወጥታችሁ ሦስት ነጥብ አስወርውሩትና ያለውን ጸጋ ጨርሱበት። እኔ ብሆን አልነካውም ነበር። አብሽር፣ ልጁን መልሰው።

የቦርከና ዳኛ

ጋሼ፣ የርስዎን ዘመን ጨዋታ እኔም እወዳለሁ፤ ነገር ግን ለሚዛኑ አንድ ነገር ልጨምር። ጆርዳን በሚጫወትበት ዘመን ዞን መከላከል፣ ማለትም ሰው ሳይይዙ ቦታን መጠበቅ፣ የተከለከለ ነበር። እያንዳንዱ ተከላካይ ሰው ይዞ መቆም ስለነበረበት፣ አጥቂው አንዱን ካለፈ በኋላ ቀለም የተቀባው ክልል ብዙ ጊዜ ክፍት ሆኖ ያገኘው ነበር። በ2001 ይህ ክልከላ ተነሥቶ ዞን ተፈቀደ፤ ተከላካዩ ግን ሰው ሳይዝ በክልሉ ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዳይቆም ተደነገገ። ስለዚህ የዛሬው ኮከብ በእጅ ባይገፋም ሁለትና ሦስት ሰው ተደርቦ ይጠብቀዋል። አንዱ ሕግ የወሰደበትን ሌላው ይሰጠዋል፤ የጥንቱን ኮከብና የዛሬውን በአንድ መስፈሪያ መስፈር የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። የ2001ዱ ለውጥ ሲወጣ ሻኪል ኦኒል ይዳከማል ብለው የጠበቁ ብዙዎች ነበሩ፤ እሱ ግን በ2002 ሦስተኛውን ተከታታይ ዋንጫ አንሥቶ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ሆነ።

በሦስት ነጥቡ ላይ ግን ከርስዎ ጋር ነኝ። እኔ በምዳኛቸው ሜዳዎች ላይ ልጆቹ ኳስ መቆጣጠርን ሳይማሩ ከመስመሩ ውጪ ይወረውራሉ፤ የዓለም አቀፉ መስመር 6.75 ሜትር፣ የኤን ቢ ኤው 7.24 ሜትር መሆኑን ሳያውቁ በቴሌግራም ያዩትን ርቀት ሊደግሙ ይሞክራሉ። ፋውል የማስመሰሉም ነገር ከዚያው ነው የመጣው። ጄምስ ሃርደን በ2018-19 በአማካይ 36.1 ነጥብ ሲያገባ በየጨዋታው ወደ 11 ነፃ ውርወራ ይወረውር ነበር፤ እጁን ሆን ብሎ በተከላካዩ ክንድ ውስጥ እያስገባ ፊሽካ ያስነፋ ነበር። ተመልካቹ ሰለቸው። በ2021 ሊጉ ከተለመደ የጨዋታ እንቅስቃሴ ውጪ በሆነ ድርጊት የተፈጠረ ንክኪ ለአጥቂው ፋውል እንዳይሰጥ ለዳኞቹ መመሪያ ሰጠ። እኔ ይህን ለውጥ በደስታ ነው የተቀበልሁት፤ ማንንም ሳይሰይም ማታለልን ብቻ ከጨዋታው አወጣ። ከዚያ ወዲህ እኛም ሜዳ ላይ ክንዱን እየወረወረ የሚጮህ ልጅ ሲገጥመኝ ጨዋታ ይቀጥላል ብዬ አልፋለሁ።

እኅታችን ጤና ተማሪዋ ያነሣችው ግን ከባድ ነው፤ አሰላስዬው ነበር። የ65 ጨዋታው ሕግ ለሁሉም እኩል የተጻፈ ነው፤ እኔ ያስቀመጥሁትን መመዘኛ ያልፋል። ያም ሆኖ የታመመውንና የሰነፈውን አይለይም። ስለዚህ ለሁሉም እኩል መጻፉ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ቀድሞ ያልሁትን በዚህ አርሜዋለሁ።

የወልድያዋ እናት

ልጆቼ፣ ስለ ሊጉ ብዙ አላውቅም፤ ልጄ ስለምትጫወት ነው የማነበው። እሷም ረጅም ናት። አንድ ጊዜ ከእሷ የሚያጥሩ ልጆች ስላፌዙባት አንድ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብላ ሄደች፤ ትከሻዋን ለማቃናት ስንት ደከምን። መምህር፣ ያ ልጅ «የአንተ አይቆጠርም» የተባለው በጓደኞቹ ፊት ነው፤ ስለዚህ መልሱልኝ የሚባለውም በጓደኞቹ ፊት መሆን አለበት። በስልክ መጥራት አይበቃም። ቤቱ ድረስ ይሂዱ፣ ከወላጆቹ ጋር ቡና ይጠጡ፤ እናቱ ምን እንደተፈጠረ ላታውቅ ትችላለች።

የደሴው የስፖርት መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልስ ሳልሰጥ ሦስት ሳምንት የቆየሁት የመከራችሁኝን እየፈጸምሁ ስለነበር ነው።

መጀመሪያ የወልድያዋ እኅታችን እንዳሉት ቤቱ ድረስ ሄድሁ። እናቱ በእርግጥ አላወቁም ነበር፤ ልጁ ልምምድ እንደሚሄድ ነግሮ እየወጣ ሲመሽ ይመለስ ነበር። ሦስተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ ልጁ ራሱ ከበር ገብቶ አየኝና ቆመ። ጤና ተማሪዋ ሆይ፣ ጥያቄሽንም ጠየቅሁት፤ ለካስ ከጉልበቱ በታች ከመስቀል ጀምሮ ያመው ኖሯል። ለማንም አልተናገረም። ወደ ጤና ባለሙያ ወስጄው ለሁለት ሳምንት ዝላይ እንዲያቆምና በኋላም ቀስ በቀስ እንዲጀምር ተነገረን። እኔ አሠልጣኙ ሆኜ ይህን አለማየቴ አሳዝኖኛል። ኮከብ እንዲሰለፍ የሚያስገድደውን ሕግ የደገፍሁት ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ከስልኬ መስታወት ላይ ብቻ ስለማየው ነበር፤ አሁን በዚህ ሐሳቤን ለውጫለሁ። ቡድኖች ጤነኛውን ኮከብ ያለ በቂ ምክንያት እንዳያሳርፉ፣ ካሳረፉም በመቶ ሺሕ ዶላር በሚጀምር ቅጣት እንዲጠየቁ የሚያደርገው የዚያው ዓመት ደንብ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ተጠያቂው ቡድኑ ነው። ሸክሙን በተጫዋቹ እግር ላይ የሚያኖረው የ65ቱ ቁጥር ግን ቢቀር ወይም ለታመመ ሰው ቢላላ ይሻላል።

ቀጥሎ የዳኛውን ጥያቄ ይዤ ወደ ሜዳው ሄድሁ። አንተ እንደጠረጠርኸው ነው፣ ወንድሜ። የክልሉ ቀለም ከዓመታት ዝናብና ፀሐይ በኋላ ፈጽሞ ጠፍቷል፤ ሦስት ሰከንድ የሚቆጥር ዳኛም አልነበረም፤ የሚቆጠርበት መስመር ስለሌለ ሊኖርም አይችልም። እኔም በራሴ ሜዳ ላይ ለዓመታት ሳልቆጥር ነው ያሠለጠንሁት። ይህን ለአዘጋጆቹ በደብዳቤ ጻፍሁላቸው፤ የማይካንን ታሪክም አከልሁበት፤ የልጁ ነጥቦች እንዲመለሱ ሳይሆን በልጁ ላይ የተነገረው ቃል በተነገረበት ሜዳ ላይ እንዲነሣ ጠየቅሁ። ሁለቱ ተስማሙ፤ አንዱ አሁንም «ትንንሾቹ ተስፋ ይቆርጣሉ» በሚለው ሐሳቡ ጸንቷል። የእሱም ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ 19 ለ 18 ያለቀውን ጨዋታ ያነበበ ሰው ሊረዳው ይችላል። በሚቀጥለው ዙር ግን ክልሉ ተሠርቶ ሦስት ሰከንድ እንዲቆጠር ተወስኗል።

ሐይቅ ዳር ያሉት ጋሼ፣ ልጁን ሦስት ነጥብ አላስወረውረውም፤ ቃል እገባልዎታለሁ። ከቅርጫቱ ሁለት ሜትር ርቆ ጀርባውን ሰጥቶ በመዞር በመንጠቆ አወራወር እንዲያገባ ነው የማስተምረው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በ1967 የአሜሪካ ኮሌጆች ደንክን፣ ማለትም ዘሎ ኳሱን ከላይ በእጅ ቅርጫቱ ውስጥ መክተትን፣ ሲከለክሉ በዚያን ጊዜ ሉ አልሲንዶር ይባል የነበረው ካሪም አብዱል ጀባር ኮሌጅ ውስጥ ነበር፤ ክልከላው እስከ 1976 ቆየ። እሱ ግን ከረጅም እጁ ጫፍ የሚለቀውን ያን መንጠቆ አጥርቶ ወጣ፤ በኤን ቢ ኤ ዘመኑም 38,387 ነጥብ አስቆጥሮ ሌብሮን ጄምስ በ2023 እስኪያልፈው ድረስ ለ39 ዓመታት ያህል የሊጉ ክብረ ወሰን ባለቤት ሆኖ ኖረ። ልጁ ይህን ታሪክ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «ተከልክሎ ስንት ዓመት ቆየ?» ብሎ ጠየቀኝ። በኮሌጅ ከተጫወተባቸው ሦስት ዓመታት ሁለቱን ብዬ መለስሁለት።

ባለፈው ቅዳሜ ከተማሪዎቹ ጋር አሮጌውን ሲሚንቶ በመጥረጊያ አጥበን፣ በሜትር ለክተን፣ ወርዱ 4.90 ርዝመቱ 5.80 ሜትር የሆነውን ክልል በነጭ ቀለም ሠራነው። የቀለሙን ቆርቆሮ የያዘው ረጅሙ ልጅ ነበር፤ ጉልበቱ ላይ ጨርቅ አንጥፎ መሥመሩን እስከ ጫፍ ድረስ ራሱ ቀባው። ሰኞ ዝላይ የሌለበት ልምምድ ጀመርን። እኔ ፊሽካ ይዤ ሦስት ሰከንድ ስቆጥር በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሰባት ጊዜ ነፋሁበት፤ ጓደኞቹም ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ልምምዱ ሊያበቃ ሲል ግን ፊሽካዬን አልጠበቀም፤ ወደ ክልሉ ሲገባ ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንድ፣ ሁለት» እያለ ቆጥሮ ሦስት ሳይል ይወጣ ነበር። አጥሩ ላይም ከሰፈር ልጆች አራቱ ተመልሰው ነበር፤ አብረውት ይቆጥሩ ነበር።